የሠርግ ሥራና ማስታወቂያው በእንጅባራና በዳንግላ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንገልጸው በአዊ ዞን ዳስ የሚጥሉ፣ የሠርግ ዕቃ የሚያከራዩና ምግብ የሚያዘጋጁ ነጋዴዎች ሥራቸውን መቼና እንዴት ማስታወቅ እንደሚገባቸው ነው።

እንደሚታወቀው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በጾም ወራት ሠርግ አይደገስም። ስለዚህ ከኅዳር 15 ቀን እስከ ገና በሚጾመው በነቢያት ጾም፣ ኋላም በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀኖች ሥራው ይቀዘቅዛል፤ በመካከል ያለው ጥር ግን ዋናው የሠርግ ወር ነው።

ነጋዴው ራሱን ለማስታወቅ ጥርን ቢጠብቅ ይዘገያል፤ ቤተ ዘመድ የሚመክረው ጌሾው ከመወቀጡ በፊት ነውና። ደግሞም ወንበር ቢጎድል ወይም ወጥ ቢያንስ፣ ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ ቀኑ አይመለስም። ቤተሰቡም ከፎቶግራፍ ይልቅ ምስክር ይፈልጋል።

ስለዚህ ነጋዴው በነቢያት ጾም በየሳምንቱ በወረቀት ወይም በስልክ፣ በአማርኛና በአዊኛ፣ ስንት እንግዳ እንደሚያስተናግድ፣ ዋጋው ምን ምን እንደሚጨምር፣ ቀብድም መቼ እንደሚመለስ ቢጽፍ ይጠቀማል እንላለን። ነገር ግን እውነቱን ይጻፍ፤ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ ሲከበር አንባቢውና ቀድሞ የደገሰው ሰው ይገናኛሉና።