ሚድላንድ፤ በጨዋማ ውኃ የለማች ከተማ

በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት የምትገኘው ትንሿ ከተማ ሚድላንድ ለንግድ ሰዎች የምትሰጠው ትምህርት ቀላል አይደለም። (የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማይቱ አስቀድሞ የምትተዳደረው በጥድ እንጨት ንግድ ነበር። ደኑ ተቆርጦ ባለቀ ጊዜ ንግዱ ተዳከመ። ከመሬቱ በታች ግን ብሮሚን የተባለው ንጥረ ነገር የሚገኝበት ጨዋማ ውኃ ነበር። በ1890 ኸርበርት ዳው የተባለ የ24 ዓመት ወጣት ኬሚስት ወደዚያ መጥቶ፥ በ1891 በኤሌክትሪክ ኃይል ለመድኃኒትና ለፎቶግራፍ የሚያገለግለውን ብሮሚን ከውኃው ለየ። በ1897ም የዳው ኬሚካል ኩባንያ ተቋቋመ።

በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የጀርመን ብሮሚን ሻጮች ማኅበር ተወዳዳሪውን ለመጣል ሸቀጡን በአሜሪካ በርካሽ መሸጥ ጀመረ። ዳው ግን ያንኑ ርካሽ ብሮሚን በስውር እየገዛ መልሶ በአውሮፓ ሸጠው፤ ማኅበሩም ተሸነፈ።

ዛሬም የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት በዚያው በሚድላንድ ነው። የከተማይቱ ቤተ መጻሕፍትም በመሥራቹ ባለቤት በግሬስ ዳው ስም ይጠራል።

ይሁን እንጂ ትርፉ ያለ ዕዳ አልመጣም። ከፋብሪካው የወጣው ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ የቲታባዋሲን ወንዝና ዳርቻውን በከለ። በ2019 ኩባንያው ወደ 77 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት የተፈጥሮ ሀብት ማደሻ ሥራ በራሱ ወጪ ለማስፈጸም ተስማማ።

ስለዚህ ፋብሪካ ለማቋቋም የሚያስብ ሁሉ የቆሻሻውን ማስወገጃ ወጪ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በሒሳብ መዝገቡ ሊያገባው ይገባል፤ የዘገየ ዕዳ ወለዱ ይከብዳልና።