በሩን የሚያነሳው ሞላው ነው

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የደወለው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር የታክሲ ሹፌር ነው። አየር ማረፊያ የሚያደርሰው ደንበኛ እየጠበቀው መኪናው ጋራዥ ውስጥ ታስሮ ቀርቷል። «ወንድሜ፣ ሞተሩ ሞቷል» አለኝ። ምን እንደሚያደርግ ጠየቅሁት። ያጓራል፣ በሩ አንድ ስንዝር ያህል ከመሬት ይነሳል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። «ማታ እንደ ተኩስ ያለ ድምፅ አልሰማችሁም?» ስለው ጥቂት ዝም አለ። ለካ ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ድው ሲል ሰምተው፣ መብራት አጥፍተው፣ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሲያዩ ነበር ያመሹት።

ሁለተኛ ቁልፉን እንዳይነካ ነግሬው ሊነጋጋ ሲል ደረስኩ። ሞተሩ ደህና ነበር። ከበሩ በላይ ያለው ሞላ ግን መሐሉ ላይ ተበጥሶ፣ በሁለቱ ቁራጮች መካከል ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይታያል። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ቀና ብሎ ሲያየው፣ «ይሄ ነገር እዚያ መኖሩን ዛሬ ገና አየሁ» አለኝ። ቤቱን ከገዛ ስምንት ዓመቱ ነው።

የጋራዥ በር መክፈቻ ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በቤታችን ካለው መሣሪያ ሁሉ ውለታው ያልታወቀለት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። በቤቱ ውስጥ ከሚንቀሳቀሰው ነገር ሁሉ ትልቁና ከባዱ በሩ ሆኖ ሳለ፣ ሪሞት ተጭነን ዞር ብለን እንኳ አናየውም። አገር ቤት ጋራዥ ስንል መኪና የሚጠገንበት ነው፤ የግቢውን በር ደግሞ ክላክስ ስናደርግ ዘበኛው ሮጦ ይከፍተዋል። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤት ገዝተን ስንገባ፣ ከኮርኒሱ የተንጠለጠለውን የሞተር ሳጥን የዘበኛው ምትክ አድርገን ቆጠርነው። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሳጥኑ በሩን አያነሳም።

ሁለት መኪና የሚያስገባ የብረት በር ከ60 ኪሎ ተነስቶ ወደ 100 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ የእንጨት ከሆነ ከኩንታል ያልፋል። ደህና ሞላ ያለውን በር ግን አንድ ልጅ በእጁ ሊያነሳው ይችላል። ቀሪውን ክብደት የተሸከመው ማን ነው? ጋራዡ ውስጥ ቆማችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ ከበሩ በላይ ተመልከቱ። ከጥግ እስከ ጥግ የተዘረጋ የብረት ዘንግ አለ፤ በዘንጉ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጥምዝ ሞላ ተሰክቷል። በዘንጉ ሁለት ጫፍ ካቦ የሚጠቀለልባቸው ፑሌጃዎች አሉ፤ ካቦዎቹ ወርደው ከበሩ የታች ማዕዘን ጋር ታስረዋል። በሩ ሲወርድ ካቦው ዘንጉን ያዞራል፣ ዘንጉ ሞላውን ይጠመዝዛል። በሩ እየወረደ ክብደቱን ሞላው ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሲወጣ ያስቀመጠውን መልሶ ይወስዳል። አንዳንድ ቤት ሞላው ከበሩ በላይ ሳይሆን ከግራና ከቀኝ ሐዲዶች በላይ ተዘርግቶ የሚሳብ ዓይነት ነው፤ ሥራው ያው ነው።

ስንት ጊዜ ባየውም የማይሰለቸኝ አንድ ነገር አለ። ሰባት ጫማ ከፍታ ያለው የተለመደው በር ሲዘጋ፣ ሞላው ሰባት ዙር ተኩል ያህል ተጠምዝዞ ይቆያል። ያን ጊዜ የበሩ ክብደት በሙሉ ካቦዎቹ ላይ ነው፤ ሞላውም ከሁሉ የበለጠ የተወጠረው ያኔ ነው። በሩ መውጣት ሲጀምር የላይኛው ክፍል ታጥፎ ወደ አግድሙ ሐዲድ ይገባል። ሐዲዱ ላይ የተኛው ክፍል ለካቦው ሸክም መሆኑ ይቀራል። ልክ በዚያው ልክ ሞላው እየተፈታ ጉልበቱ ይለዝባል። ሁለተኛው ክፍል ይገባል፣ ሞላው ሌላ ዙር ይፈታል፤ ሦስተኛው ይገባል፣ እንደዚያው። ሸክሙና ጉልበቱ እኩል እየቀነሱ አብረው ይጓዛሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርገው አንድ የተጠመዘዘ ብረት ነው፤ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ሲ. ጂ. ጆንሰን የተባለው አሜሪካዊ ወደ ላይ የሚነሳውን በር የሠራው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው፤ የኤሌክትሪክ መክፈቻውን የጨመረበት በ1926። በሩ ከመክፈቻው አምስት ዓመት ይቀድማል። ሞተሩ የተመጣጠነውን በር መንገድ የሚያስጀምር፣ የሚያስቆምና ዘግቶ የሚይዝ ረዳት ነው።

ይህ ካልገባን ብልሽቱን ሁሉ ከሳጥኑ ላይ እንፈልጋለን። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንዲት እናት ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ሞተሩ ይዞራል፣ ድምፁ ይሰማል፣ በሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ሳጥኑን ስከፍተው ውስጡ በነጭ የፕላስቲክ ብናኝ ተሞልቷል፤ ሰንሰለቱን የሚያዞረው የፕላስቲክ ጥርስ ተልጦ አልቋል። «ልጄ፣ ይሄኮ ሁለተኛው ነው፤ አምና ነው አዲስ የገጠሙልኝ» አሉኝ። የገጠመው ሰው አሮጌውን ሳጥን አውርዶ አዲሱን ሰቅሎ ሄዷል፤ ሞላውን አልነካም። የደከመው ሞላ የተወውን ክብደት በየቀኑ የሚጎትተው ያ የፕላስቲክ ጥርስ ነበር። ሞላው ሳይለወጥ ሦስተኛ ሳጥን ቢገዙም ያው ነበር የሚሆነው። እኒህን እናት ሁለት ጊዜ ያስከፈላቸው ይህ አለማወቅ ነው፤ ባለሙያ ነኝ ከሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ ያሳዝነኛል።

ከዚህ የባሰም አለ። ብዙ ሳጥኖች ላይ የሞተሩን የመግፋትና የመሳብ ኃይል የሚጨምሩና የሚቀንሱ ሁለት ትናንሽ ብሎኖች ይገኛሉ፤ በአዳዲሶቹ ላይ በቁልፍ የሚስተካከል ነው። በሩ ሲከብድ ካቻቪቴ አንስቶ ኃይሉን እስከ መጨረሻው የሚያዞር ሰው አለ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የኃይሉ ልክ የተቀመጠው በሩ ሲወርድ እግር ወይም ልጅ ካገኘ እንዲመለስ ነው። ኃይሉን ከፍ ያደረገ ሰው የከበደውን በር አላቀለለም፤ ሞተሩ ሰው ቢያገኝም እንዲገፋ ፈቀደለት።

ሞላው ዕድሜ አለው። የተለመደው ሞላ 10,000 ጊዜ ለመክፈትና ለመዝጋት የተሠራ ነው። በቀን አራት ጊዜ ከፍቶ የሚዘጋ ቤተሰብ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ይጨርሰዋል። የታክሲ ሹፌሩ ሞላ ስምንተኛ ዓመት ላይ መሰበሩ ግፍ አይደለም፤ ሞላው ሥራውን ጨርሷል። ሁለት ሞላ ካለና አንዱ ከተሰበረ፣ ሌላውም አብሮት የሠራ እኩያው ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ለውጡ። የምለምናችሁ ግን ራሳችሁ እንዳትነኩት ነው። አምፖል መቀየር፣ ባትሪ መቀየር፣ ከታች የምነግራችሁን የጨረር ዓይኖች ማስተካከል የእናንተ ነው። ሞላውን የያዙትን ብሎኖችና ካቦው በበሩ ታች የታሰረበትን ብረት መፍታት ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የተጠመዘዘ ሞላ የበሩን ክብደት በሙሉ ይዞ የተቀመጠ ጉልበት ነው፤ በተሳሳተ መሣሪያ ከተነካ እጅ ይሰብራል፣ ሰውም ገድሏል። ሌላው ቀርቶ ቅባቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ዝገት ማስለቀቂያው ቅባት አይደለም፣ ለጋራዥ በር ተብሎ የሚሸጠውን ሞላው ላይና መታጠፊያዎቹ ላይ ርጩ፣ ሐዲዱ ውስጥ ግን ግራሶ አታድርጉ።

በሩ ወርዶ ወርዶ መልሶ ከወጣና የሳጥኑ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ጥፋቱን ከታች ፈልጉ። ከበሩ ግራና ቀኝ፣ ከወለሉ ከ15 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ የተተከሉ ሁለት ዓይኖች አሉ፤ አንዱ የማይታይ ጨረር ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። የተቀባዩ ትንሽ መብራት ከጠፋች ጨረሩ አልደረሰም ማለት ነው። የሸረሪት ድር ይሆናል፣ የተደገፈ መጥረጊያ ይሆናል፣ የልጅ ብስክሌት ገፍቶ አዙሮት ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ብቻ እንቢ የሚል ከሆነ ፀሐይ በቀጥታ እየመታችው ነው። የግድግዳውን ቁልፍ እስኪዘጋ ድረስ ሳትለቁ ብትጫኑ ከተዘጋ፣ ጥፋቱ የዓይኖቹ ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ዓይኖቹ ሲያስቸግሩት ነቅሎ ኮርኒስ ላይ ፊት ለፊት ያሰራቸው ሰው ቤት ገብቼ አውቃለሁ። ልጆች ያሉበት ቤት ነው። እነዚህ ዓይኖች የመጡት በሩ ሥር ተይዘው የሞቱ ሕፃናት ስለነበሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ጀምሮ ለአሜሪካ መኖሪያ ቤት የሚመረት መክፈቻ ሁሉ ይህን የመሰለ መከላከያ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ያን ዕለት ዓይኖቹን ወደ ቦታቸው ሳልመልስ ሌላ ሥራ አልሠራም ብያለሁ። በየወሩ አንድ ወፍራም ጣውላ በሩ በሚያርፍበት ወለል ላይ አጋድማችሁ በሩን ዝጉ፤ ጣውላውን ነክቶ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ እስኪጠገን አትጠቀሙበት።

የሪሞቱ ጣጣ ቀላል ነው። የግድግዳው ቁልፍ ሠርቶ ሪሞት ካልሠራ ባትሪውን ቀይሩ፤ ግድግዳው ላይ የመቆለፊያ ቁልፍ ካለ ሳይታወቅ ተነክቶ እንደሆነ ተመልከቱ። አጠገቡ ደርሳችሁ ካልሆነ የማይሰማ ከሆነ ደግሞ ሳጥኑ ላይ ያለውን ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ፍቱና ሞክሩ፤ አንዳንዱ የሪሞቱን ሬዲዮ ያውካል። በክረምት ብርድ የበሩ ጎማ ከወለሉ ጋር ከተጣበቀ፣ በረዶውን ሳታስለቅቁ ሞተሩን አታስጨንቁ።

ከሐዲዱ የተንጠለጠለውን ቀይ ገመድ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይወቀው፤ በሩን ከሞተሩ የሚያላቅቀው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 በሰሜን ካሊፎርኒያ ሰደድ እሳት ሲነሳ መብራት ጠፍቶ የጋራዥ በራቸውን መክፈት አቅቷቸው የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በዚያ ግዛት መጠባበቂያ ባትሪ የሌለው መክፈቻ እንዳይሸጥ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ገመዱን የምትስቡት ግን በሩ ተዘግቶ ሳለ ይሁን፤ ሞላው የተሰበረ በር ተከፍቶ ሳለ ከተላቀቀ እንደ ድንጋይ ይወርዳል።

አሁን ይህን እንዳነበባችሁ ወደ ጋራዡ ግቡ። መጀመሪያ ሞላውን ተመልከቱ፤ ክፍተት ካያችሁበት ገመዱንም በሩንም አትንኩ። ደህና ከሆነ፣ በሩ እንደተዘጋ ቀዩን ገመድ ሳቡና በሩን በእጃችሁ እስከ ወገባችሁ አንሱት፣ ከሥሩ ሳትቆሙ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ባለበት ከቆመ ሞላው ደህና ነው። ወደ መሬት ከሄደ ዛሬውኑ ለሞላ ባለሙያ ደውሉ፤ ሌላ ሞተር ሳትገዙ ያላችሁን ታተርፋላችሁ።