የዩሮቪዥን ዳኞችና ባለስልኮች

እ.ኤ.አ. በ2016 ስቶክሆልም ላይ በተካሄደው የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ፍጻሜ፣ የዳኞች ነጥብ ተነግሮ ሲያበቃ የፖላንዱ ሚኻው ሽፓክ ከ26 ተወዳዳሪዎች 25ኛ ነበር። የየአገሩ ዳኞች ተደምረው የሰጡት 7 ነጥብ ብቻ ነው። ጥቂት ቆይቶ የተመልካቹ ድምፅ ሲነገር ግን 222 ነጥብ ተጨመረለትና በአንድ ጊዜ ሽቅብ ተፈተለከ። በተመልካች ምርጫ 3ኛ፣ በአጠቃላይ ውጤት 8ኛ ሆኖ ጨረሰ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም አንዱ ወገን ዳኞቹ ጆሮ የላቸውም ይላል፤ ሌላው ሕዝቡ ሙዚቃ አያውቅም ይላል። የውድድሩን አሠራር ጠጋ ብሎ ላየ ግን ሁለቱም ቡድኖች የተጠየቁትን በትክክል መልሰዋል። የተጠየቁት ጥያቄ ነው የሚለያየው።

ዩሮቪዥን የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት አባል የሆኑ ጣቢያዎች በየዓመቱ የሚያካሂዱት ውድድር ነው። እያንዳንዱ አገር ከ3 ደቂቃ የማይበልጥ አንድ ዘፈን ይልካል። በ1956 በስዊዘርላንዷ ሉጋኖ ሲጀመር 7 አገሮች ሁለት ሁለት ዘፈን ይዘው ቀረቡ፤ ዳኞች በምስጢር መረጡና የአዘጋጇ አገር ዘፋኝ ሊስ አሲያ ማሸነፏ ብቻ ተነገረ። ማን ስንት እንዳገኘ እስከ ዛሬ በይፋ አልወጣም። በ1969 ማድሪድ ላይ ደግሞ አራት አገሮች እኩል 18 ነጥብ አመጡ። እኩል የወጡትን የሚለይ ደንብ ስላልነበረ አራቱም አሸናፊ ተባሉ። ብዙ ከተሞከረ በኋላ በ1975 አሁን የሚታወቀው አሰጣጥ መጣ፤ ለአንደኛው 12፣ ለሁለተኛው 10፣ ከዚያ ከ8 እስከ 1 እየወረደ ለአሥር ዘፈኖች ነጥብ ይታደላል። 11ኛ የወጣው ከመጨረሻው ጋር እኩል ባዶ እጁን ይቀራል።

ነጥቡ ከሕዝብ ብዛት ጋር አይገናኝም። የጀርመን ተመልካች የሚያድለው 58 ነጥብ ነው፤ የትንሿ የሳን ማሪኖም 58 ነው። እንዲያውም ሳን ማሪኖ የምትጠቀመው በጣሊያን የስልክ መስመር ስለሆነ የሕዝቧን ድምፅ ለይቶ መቁጠር አልተቻለም። በስሟ የሚነገረው የተመልካች ውጤት ከሌሎች አገሮች ድምፅ ተሰልቶ የሚወጣ ነው።

ስልክ ወደ ውድድሩ የገባው በ1997 በአምስት አገሮች በተደረገ ሙከራ ሲሆን በዓመቱ አብዛኞቹ ተከተሉ። ከዚያ ጎረቤት ለጎረቤት፣ ስደተኛ ለአገሩ ይመርጣል የሚለው ቅሬታ እየበረታ ሄደና በ2009 ዳኞች ወደ ፍጻሜው ተመልሰው ውጤቱን ከተመልካች ጋር እኩል ተካፈሉ።

ዳኞቹ ለረጅም ጊዜ በየአገሩ አምስት አምስት የሙዚቃ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ዘፋኞች፣ አቀናባሪዎች፣ የሬዲዮ ሙዚቃ አዘጋጆች። የድምፅ ብቃትን፣ የመድረክ አቀራረብን፣ የድርሰቱን ጥንካሬና አዲስነት እንዲመዝኑ ይታዘዛሉ። ዋናው ነገር ግን ዳኛው ከሚወደው ዘፈን እስከሚጠላው ድረስ ሁሉንም በተራ መደርደር አለበት። አንድ የማይታለፍ ነገርም አለ። ዳኞቹ የሚፈርዱት ቅዳሜ ማታ ዓለም በሚያየው ዝግጅት ሳይሆን በዋዜማው የልምምድ ምሽት በታየው ነው። ዓርብ ድምፁ የተሰነጠቀበት ዘፋኝ ቅዳሜ እንደ ወፍ ቢያዜም የነጥቡ እኩሌታ ቀድሞ ተዘግቷል። የቴሌቪዥን ሰዎች ለዚህ የጊዜና የጥንቃቄ ምክንያት ይኖራቸዋል፤ ለእኔ ግን ሁለት የተለያዩ ምሽቶችን ደምሮ አንድ አሸናፊ ማውጣት ሁልጊዜም ግራ የሚያጋባ ነው።

ተመልካቹ በበኩሉ የሚደረድረው ነገር የለውም። ስልኩን ያነሳል ወይም አያነሳም። የጠላውን ዘፈን ዝቅ የሚያደርግበት ቁልፍ አልተሰጠውም። ስለዚህ ዘጠኝ ሰው ጆሮውን የያዘበትና አንድ ሰው ያበደለት ዘፈን፣ አሥሩም ሰዎች “ደህና ነው” ብለው ካለፉት ዘፈን ይበልጣል። “የሕዝብ ጣዕም” የሚባለው ይህ ነው፤ ስንቱ ወደደው ከሚለው ይልቅ፣ ከፍሎ እስከ መምረጥ የደረሰው ስንቱ ነው የሚለውን ይለካል። የዳኞች ድርድር ደግሞ በተቃራኒው ማንንም ያላስቀየመውን ያነሳል።

በ2014 ብሪታንያ ውስጥ የሆነውን ማየት ይበቃል። የብሪታንያ ተመልካች የፖላንድን ዘፈን አንደኛ አደረገው፤ እዚያ የሚኖረው ፖላንዳዊ ብዙ ነው። የብሪታንያ ዳኞች ያንኑ ዘፈን መጨረሻ ላይ አስቀመጡት። ያኔ ሁለቱ ተቀላቅለው ይሰሉ ስለነበር ፖላንድ ከብሪታንያ ያገኘችው ዜሮ ሆነ። ከ2016 ጀምሮ ሁለቱ ተለያይተው ስለሚነገሩ እንዲህ ያለው ልዩነት በአደባባይ ይታያል። ለራስ አገር መምረጥ ክልክል ነው፤ በሰው አገር ሆኖ ለአገር ልጅ መምረጥ ግን አይከለከልም። አሜሪካ ወይም ዱባይ ተቀምጦ የአገሩ ልጅ ስም ሲነሳ ስልኩን የሚፈልግ ሐበሻ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ወደ እኛ የሚቀርብም ታሪክ አለ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ኢየሩሳሌም የተወለደችው ኤደን አለነ በ2020 እስራኤልን እንድትወክል ተመርጣ ነበር። አማርኛ የተቀላቀለበት “ፍቅር ልቤ” የተባለው ዘፈኗ ለመድረክ ሳይበቃ ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በዓመቱ ሮተርዳም ላይ በሌላ ዘፈን ቀረበች፤ መጨረሻው ላይ ወደ ፉጨት የቀረበ እጅግ ከፍ ያለ ድምፅ አወጣች። ለባለሙያ ጆሮ ይህ ብቃት ነው፤ 73 ነጥብ ከዳኞች አገኘች። ከተመልካች ግን 20 ብቻ መጣላትና 17ኛ ሆነች። ዘፈኑን ጥሩ ነው ያለ ተመልካች ብዙ ሊሆን ይችላል፤ በአብዛኞቹ አገሮች ከአሥሩ ምርጥ ውስጥ የሚያስገባ ወዳጅ ግን አልነበራትም። ያን ዓመት ያሸነፈው የጣሊያኑ ሮክ ባንድ ማኔስኪን በዳኞች 4ኛ፣ በተመልካች 1ኛ ነበር። በ2023 ሊቨርፑል ላይ ነገሩ ተገለበጠ። የፊንላንዱ ካሪያ በተመልካች 376 ለ243 ቢመራም የስዊድኗ ሎሪን ከዳኞች ባገኘችው 340 ዋንጫውን ወሰደች። አዳራሹ ግን የዳኞች ነጥብ እየተነገረ የፊንላንዱን ዘፈን ስም ሲጮህ ነበር።

ከዚያው ዓመት ጀምሮ በውድድሩ የሌሉ አገሮች ነዋሪዎችም በኢንተርኔት ከፍለው መምረጥ ችለዋል። አዲስ አበባ ሆኖ ውጭ የሚሠራ የባንክ ካርድ ያለው ሰው ድምፁ “የተቀረው ዓለም” ተብሎ እንደ አንድ አገር ከሚቆጠረው ጋር ይደመራል።

ትልቁ ክርክር ግን የተነሳው ከአንድ ስልክ ወይም ካርድ እስከ 20 ጊዜ መምረጥ በመቻሉ ነው። በ2025 ባዝል ላይ እስራኤል በተመልካች 297 ነጥብ አንደኛ፣ በዳኞች 60 ብቻ ሆና በድምሩ ሁለተኛ ወጣች፤ አሸናፊዋ ኦስትሪያ ነበረች። የስፔንና የቤልጂየም ጣቢያዎች የድምፅ አሰጣጡ እንዲመረመር ጠየቁ። ኅብረቱ ለ2026ቱ የቪየና ውድድር 20ውን ወደ 10 አወረደ፣ በ2023 ከግማሽ ፍጻሜ ያስወጣቸውን ዳኞች መለሰ፣ ቁጥራቸውንም ከአምስት ወደ ሰባት አሳድጎ ቢያንስ ሁለቱ ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆኑ ወጣቶች እንዲሆኑ ደነገገ። የጠሉትን ዝቅ ማድረጊያ ቁልፍ ግን አሁንም ለተመልካች አልተሰጠም።