ፒ16፦ የጉሮሮ ካንሰርን ለሁለት የከፈለ ፕሮቲን

ጭነት መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል። በሰው ሕዋስ ውስጥም ይህን ሥራ የሚሠራ ፕሮቲን አለ፤ አርቢ ይባላል። ሕዋሱ ያለጊዜው ተነሥቶ እንዳይባዛ አስሮ የሚይዘው እሱ ነው። መባዛት ሲያስፈልግ፣ ለምሳሌ ቁስል መሻር ሲኖርበት፣ ሲዲኬ4 እና ሲዲኬ6 የሚባሉ ኢንዛይሞች መጥተው ታኮውን ያነሡታል። ፒ16 ደግሞ የእነዚህን የሁለቱን እጅ የሚይዝ ጠባቂ ነው። ስሙ ላይ ያለው ቁጥር ክብደቱን፣ 16 ኪሎዳልተንን፣ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1993 ማኑዌል ሴራኖ፣ ግሪጎሪ ሃነን እና ዴቪድ ቢች ሲዲኬ4ን እንደሚገታ አሳዩ፤ በዓመቱ ደግሞ የዚህ ፕሮቲን ዘረ መል በብዙ ዓይነት ካንሰሮች ውስጥ ተቆርጦ ወይም ተበላሽቶ እንደሚገኝ ታወቀ። ጠባቂው ሲጠፋ ካንሰር ይመጣል፤ ነገሩ እስከዚህ ድረስ ግልጽ ነበር።

ግራ የሚያጋባው ነገር የታየው ጉሮሮ ውስጥ ነው። ቶንሲል፣ የምላስ ሥር፣ ለስላሳው ላንቃና ከኋላቸው ያለው የጉሮሮ ግድግዳ በአንድነት ኦሮፋሪንክስ ይባላሉ። በዚህ ስፍራ የሚነሣ ካንሰር ለረጅም ዘመን የትንባሆና የአልኮል ውጤት ተደርጎ ይታሰብ ነበር፤ እውነትም ብዙው እንደዚያ ነበር። ግን ሲጋራ በአፋቸው አዙረው የማያውቁ፣ በዕድሜም ያልገፉ ሰዎች አንገታቸው ላይ የማያም ንፍፊት አብጦ ሐኪም ዘንድ መምጣት አበዙ። ሲመረመሩ መነሻው ቶንሲል ወይም የምላስ ሥር ሆኖ ይገኛል። በ2000 ሞራ ጊሊሰንና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ከእነዚህ እባጮች ብዙዎቹ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስን፣ በተለይም 16ኛውን ዓይነት፣ እንደያዙ አሳዩ። ይህ ቫይረስ የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ያው ቫይረስ ነው። (የቫይረሱ 16 እና የፕሮቲኑ 16 ዝምድና የላቸውም፤ መገጣጠማቸው ብዙ ሕሙማንን ስለሚያደናግር መናገሩ አይከፋም።)

በትንባሆ የመጣው ካንሰር ብዙ ጊዜ ፒ16 የለውም፤ ጠባቂው ተገድሏል። ቫይረሱ ያመጣው ግን በፒ16 የተሞላ ነው። ጠባቂ የበዛበት ካንሰር እንዴት ይኖራል?

ምሥጢሩ ታኮው ላይ ነው። ቫይረሱ ኢ7 የሚባል የራሱ ፕሮቲን አለው። ኢ7 ከጠባቂው ጋር አይታገልም፤ በቀጥታ አርቢን ይይዝና እንዲፈርስ ያደርገዋል። በጤናማ ሕዋስ ውስጥ አርቢ የፒ16ን ምርት ቆጥቦ የሚይዝ ነበር። እሱ ሲጠፋ ልጓሙ ይለቀቅና ሕዋሱ ፒ16ን ሳያቋርጥ ያመርታል። ጠባቂዎቹ ይጎርፋሉ፤ የሚጠብቁት ታኮ ግን የለም። መኪናው ቁልቁል እየተንደረደረ ነው። ስለዚህ የፒ16 መብዛት የደኅንነት ምልክት አይደለም፤ አርቢ ከሥራ ውጭ መሆኑን የሚነግር ምስክር ነው። ኢ6 የሚባለው ሌላው የቫይረሱ ፕሮቲን በበኩሉ ፒ53ን፣ የተበላሸ ሕዋስ እንዲሞት የሚያዘውን፣ ያስወግዳል።

ይህን ምስክር በዓይን ማየት ይቻላል። ከቶንሲል ተቆንጥሮ የተወሰደው ናሙና ፎርማሊን ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ ውኃው ወጥቶለት በፓራፊን ሰም ይሞላል። ሰሙ ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ውፍረት፣ 4 ማይክሮሜትር ገደማ፣ እየተላጠ መስታወት ላይ ይዘረጋል። ፒ16ን ብቻ ፈልጎ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይፈስበታል። ፀረ እንግዳ አካሉ ራሱ ስለማይታይ ቀለም የሚያወጣ ኢንዛይም ይከተለዋል፤ ፒ16 ባለበት ሁሉ ቡናማ ይሆናል፤ የቀሩት ኒውክሊየሶች በሄማቶክሲሊን ሰማያዊ ይነከራሉ። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ጎንበስ ብሎ ይቆጥራል። ከካንሰር ሕዋሳቱ ቢያንስ 70 በመቶው፣ ኒውክሊየሱም ሳይቶፕላዝሙም፣ መካከለኛ ወይም ደማቅ ቡናማ ከሆነ ውጤቱ ፖዘቲቭ ይባላል። ይህን ያህል ከፍ ያለ ወሰን የተበጀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጤነኛ ቶንሲልም እዚህም እዚያም ቡናማ ነጠብጣብ ያሳያል።

ይህ ቀለም ለሕመምተኛው ምን ይነግረዋል? ኪ ኪያን አንግና ባልደረቦቹ በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ቫይረሱ ካለባቸው የኦሮፋሪንክስ ካንሰር ሕሙማን ከሦስት ዓመት በኋላ 82.4 በመቶው በሕይወት ነበሩ፤ ከሌለባቸው ግን 57.1 በመቶው ብቻ። ቦታው አንድ፣ ሕክምናው አንድ፣ ዕጣው ግን የተለያየ። ልዩነቱ እጅግ ከመስፋቱ የተነሣ የአሜሪካ የካንሰር ደረጃ አመዳደብ ኮሚቴ በስምንተኛው እትሙ ለሁለቱ የተለያየ ሰንጠረዥ አወጣ፤ ከ2018 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ትንሽ የቶንሲል እባጭና በአንድ ወገን አንገት ላይ ከ6 ሴንቲ ሜትር ያልበለጡ ብዙ ንፍፊቶች ያሉበት ሰው በቀድሞው አቆጣጠር አራተኛ ደረጃ ይባል ነበር። ፒ16 ፖዘቲቭ ከሆነ ዛሬ አንደኛ ደረጃ ነው። ለአንድ ቤተሰብ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን ርቀት ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ደረጃው ዝቅ አለ ማለት ግን ሕክምናው ይቀነስ ማለት አይደለም፤ ይህ በከባድ ዋጋ የተገኘ ትምህርት ነው። ጨረርና ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ሰውን ይጎዳሉ፤ ምራቅ ይደርቃል፣ መዋጥ ይቸግራል፣ ጆሮም ሊደክም ይችላል። እናም ሐኪሞች ሲስፕላቲንን ይቀልላል በተባለው ሴቱክሲማብ ተክተው ሞከሩ። በብሪታንያ፣ በአየርላንድና በኔዘርላንድስ 334 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲስፕላቲን ከወሰዱት 97.5 በመቶው፣ ሴቱክሲማብ ከወሰዱት ደግሞ 89.4 በመቶው በሕይወት ተገኙ። የጎንዮሽ ጉዳቱም በጠቅላላው አልቀነሰም። በአሜሪካ የተደረገው ትልቁ ሙከራም ወደዚያው አመለከተ።

ምስክሩ አንዳንዴ ይሳሳታል። ሂሻም መሐናና ባልደረቦቹ የ7,654 ሕሙማንን መረጃ ሰብስበው በ2023 ባወጡት ጥናት፣ በ9.2 በመቶው ላይ የፒ16 ውጤትና የቫይረሱ ምርመራ አልተስማሙም። ሁለቱም ፖዘቲቭ ከሆኑት 81.1 በመቶው አምስት ዓመት ሲያልፉ፣ ፒ16 ብቻ ፖዘቲቭ ከሆኑት ያለፉት 54.7 በመቶው ነበሩ። ስለዚህ በፒ16 ብቻ ተማምኖ ሕክምናን ለማቅለል ማሰብ አደገኛ ነው፤ የቫይረሱን ዘረ መል የሚፈልግ ሁለተኛ ምርመራ መታከል አለበት ብዬ አምናለሁ። ትንባሆም ተስፋውን ያሳንሳል፤ ፒ16 ፖዘቲቭ ሆኖ ለዓመታት ሲያጨስ የኖረ ሰው ካላጨሰው ጋር እኩል አይቆጠርም። ከኦሮፋሪንክስ ውጭ፣ ማንቁርት ወይም አፍ ውስጥ፣ ቡናማው ቀለም ያን ያህል ትርጉም የለውም።

በራስና አንገት ካንሰር ሪፖርት ላይ ሌላም የፕሮቲን ስም ይገኛል፦ ፒዲ-ኤል1። ካንሰሩ ከመከላከያ ሕዋሳት የሚሸሸግበት ጭምብል ነው፤ የተመለሰ ወይም የተሰራጨ ካንሰር ላለበት ሰው ፔምብሮሊዙማብ የተባለው መድኃኒት ይጠቅም እንደሆነ ለመወሰን ይለካል። ፒ16 በሽታው የትኛው እንደሆነ ሲናገር ፒዲ-ኤል1 መድኃኒት ያስመርጣል፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የፓፒሎማ ቫይረስ ክትባት በሕዝቡ ዘንድ የሚታወቀው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ተብሎ ነው። ስሙ ትክክል ነው፤ የጉሮሮን ነገር ግን ይጋርዳል። በአሜሪካ ከኦሮፋሪንክስ ካንሰር 70 በመቶ ገደማው ከዚሁ ቫይረስ ጋር ይያያዛል፤ የሚበዙትም ወንዶች ናቸው። የአገሪቱ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2020 የኦሮፋሪንክስና ሌሎች የራስና አንገት ካንሰሮችን መከላከል በክትባቱ ጥቅሞች ውስጥ አካቷል፤ ለወንዶች ልጆችም ከ2011 ጀምሮ በ11 ወይም በ12 ዓመታቸው እንዲሰጥ ይመከራል። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሐኪሙ ለወንድ ልጃቸው ይህን ክትባት ሲያነሣ «የሴቶች አይደለም ወይ?» ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱ ቶንሲሉ ውስጥ ነው።