«ለመርዳት ቆምኩ» ወይስ «መርዳት አቆምኩ»? በምሥራቅ ሱዳን ድንበር የአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ክብደት

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት ከሚገኙት መጠለያዎች በአንዱ የሚኖር ስደተኛ ለቃለ መጠይቅ ቀረበ እንበል። ድንበሩን ያቋረጠበትን ቀን ሲተርክ፣ በመንገድ ላይ የቆሰለ ሰው አግኝቶ እርሱን ለመርዳት መቆሙን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ፈለገ። «አይ ስቶፕድ ሄልፒንግ» አለ።

ጠያቂው የተረዳው ግን ሌላ ነው፤ «መርዳት አቆምኩ» የሚል። ተናጋሪው ሊል የፈለገው «አይ ስቶፕድ ቱ ሄልፕ» ነበር። ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች የሚለያቸው «ቱ» የምትባለው አጭር ቃልና የግሱ መድረሻ ብቻ ነው። ትርጉማቸው ግን ተቃራኒ ነው።

ምሳሌው የታሰበ ነው። ስህተቱ ግን እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ወይም በሥራ ላይ የተማሩ ሰዎች ዘወትር የሚገጥማቸው ነው።

የቅጽና የቃለ መጠይቅ ቋንቋ

ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ ገበያ ናት። በእርሻ ወቅት ከኢትዮጵያ የሚሻገሩ የጉልበት ሠራተኞች መዳረሻም ሆና ቆይታለች። በአካባቢው ዐረብኛ፣ አማርኛና ትግርኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ።

በ1980ዎቹ ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለው ኡም ራኩባ፣ በአውሮፓውያኑ 2020 ማብቂያ በትግራይ ጦርነት ሲቀሰቀስ እንደገና ስደተኞችን ተቀበለ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ቱናይድባ የተባለው መጠለያ ተጨመረ። በዚያ ወቅት ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሻገሩት ሰዎች ቁጥር ከ60,000 በላይ ደርሶ ነበር።

በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ጉዞው ተገለበጠ። ሱዳናውያንና ሌሎች በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። እንግሊዝኛ የአብዛኞቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ባይሆንም፣ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ቅጾችና መዝገቦች ላይ የሚሰፍረው ታሪካቸው ብዙውን ጊዜ በእርሱ ይጻፋል።

ሦስት ቋንቋዎች፣ ሦስት መንገዶች

ችግሩ የሚጀምረው ሁለት ግሶች በሚያያዙበት ቦታ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «መሄድ እፈልጋለሁ» ይላል። «መሄድ» በሰዋስው ንዑስ አንቀጽ የሚባለው ነው፤ ማን እንደሚሄድና መቼ እንደሚሄድ ለብቻው አይናገርም። ትግርኛ ተናጋሪ «ክኸይድ እደሊ» ሲል ሁለቱም ግሶች ባለቤታቸውን ያሳያሉ። በሱዳን ዐረብኛ «ዳይር አምሺ» ሲባል ደግሞ ሁለቱ ቃላት ያለ አገናኝ ይከታተላሉ።

እንግሊዝኛ በአንጻሩ «አይ ዋንት ቱ ጎ» በማለት በመካከላቸው «ቱ»ን ያስገባል። የሱዳን ዐረብኛ ተናጋሪ «አይ ዋንት ጎ» ቢል የራሱን ቋንቋ መንገድ መከተሉ ነው። በተጨማሪም በዕለት ተዕለት ንግግር «ዋንት ቱ» ተጨፍልቆ «ዋና»፣ «ጎይንግ ቱ» ደግሞ «ጎና» ይሆናል። ቋንቋውን ከፊልምና ከስልክ የሚማር ሰው «ቱ»ን ላይሰማት ይችላል።

የአማርኛ ተናጋሪው ፈተና ሌላ ነው። አማርኛ «ማንበብ እፈልጋለሁ» እና «ማንበብ ጨረስኩ» ሲል በሁለቱም ያው «ማንበብ» ይበቃዋል። እንግሊዝኛ ግን ከ«ዋንት» በኋላ «ቱ ሪድ»፣ ከ«ፊኒሽ» በኋላ ደግሞ «ሪዲንግ» ይጠይቃል። የግሶቹ ባለቤቶች ሲለያዩም እንዲሁ ነው። «እንድሄድ ይፈልጋል» የሚለው ቃል በቃል ሲመለስ «ሂ ዋንትስ ዛት አይ ጎ» ይሆናል። የእንግሊዝኛው ልማድ ግን «ሂ ዋንትስ ሚ ቱ ጎ» ነው።

ወደ ፊት የሚያይ፣ ወደ ኋላ የሚያይ

«ቱ» መነሻዋ አቅጣጫን የምታመለክት፣ ከአማርኛው «ወደ» ጋር የምትቀራረብ ቃል ናት። ይህ ትርጉሟ እስከ ዛሬ ጥላውን ጥሏል። ተስፋን፣ ውሳኔን፣ ዕቅድንና ቃል መግባትን የሚገልጹ ግሶች ገና ወዳልተፈጸመ ነገር ስለሚያዩ በአብዛኛው «ቱ»ን ያስከትላሉ። መጨረስን፣ ማመንንና መካድን የሚገልጹት ደግሞ የተጀመረን ወይም ያለፈን ነገር ስለሚመለከቱ በ«ኢንግ» የሚጨርስ ቃል ይከተላቸዋል።

«ሂ ሪፊውዝድ ቱ ፋይት» ማለት «ለመዋጋት እምቢ አለ» ነው። «ሂ ዲናይድ ፋይቲንግ» ግን «መዋጋቱን ካደ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ሰው አልተዋጋም። ሁለተኛው ግን ተዋግተሃል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ነው። ጦርነትን ሸሽቶ ለመጣ ስደተኛ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ይህ አካሄድ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ሐሳብ ማቅረብን የሚገልጸው «ሰጀስት» ስለ ወደፊት ቢናገርም «ኢንግ»ን ይከተላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ግስ ከሚከተለው ቅርጽ ጋር አንድ ላይ መያዙ ይመከራል።

መፍትሔው በአማርኛው ውስጥ

በሁለቱም መንገድ የሚሄዱ፣ ግን ትርጉማቸው የሚለወጥ ጥቂት ግሶች አሉ። እዚህ ላይ አማርኛ ራሱ ይረዳል። «ለመርዳት ቆምኩ» ሲባል «ለ» ዓላማን ታሳያለች፤ የእንግሊዝኛው አቻ «ቱ» ነው። «መርዳት አቆምኩ» ሲባል የሚቋረጠው ራሱ ድርጊቱ ነው፤ አቻውም «ሄልፒንግ» ነው።

መርሳትም እንዲሁ ነው። «መፈረም ረሳሁ» ያለ ሰው አልፈረመም፤ በእንግሊዝኛ «አይ ፎርጎት ቱ ሳይን» ይላል። «መፈረሜን ረሳሁ» ያለው ግን ፈርሟል፤ ትዝ ያላለው መፈረሙ ነው። ይህ «አይ ፎርጎት ሳይኒንግ» ይሆናል። አማርኛው ልዩነቱን በ«መፈረሜን» ውስጥ ባሉት ባዕድ ምዕላዶች አስቀምጦታል። ተናጋሪው ዐረፍተ ነገሩን አስቀድሞ በአማርኛ ቢመዝነው የትኛውን ቅርጽ እንደሚመርጥ ይቀለዋል።

ጥንቃቄ የሚሹ ሌሎች ሐረጎችም አሉ። «አይ ዩዝድ ቱ ሊቭ ኢን ሁመራ» ማለት «ሁመራ እኖር ነበር» ነው። «አይ አም ዩዝድ ቱ ሊቪንግ ኢን ሁመራ» ግን «ሁመራ መኖርን ለምጃለሁ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ያለፈውን፣ ሁለተኛው የአሁኑን ይናገራል።

አማርኛ በአንድ ቃል «አስለቀቁኝ» የሚለውን እንግሊዝኛ በሁለት መንገድ ሊለው ይችላል። «ዜይ ፎርስድ ሚ ቱ ሊቭ» ከ«ቱ» ጋር፣ «ዜይ ሜድ ሚ ሊቭ» ደግሞ ያለ «ቱ» ይነገራሉ። «እንድለቅ ተደረግኩ» ለማለት ግን «አይ ዋዝ ሜድ ቱ ሊቭ» ይባላል፤ የጠፋችው «ቱ» ትመለሳለች።

ሰዋስው ሲከብድ

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት የአሠራር መመሪያ ጠያቂው ክፍል ለስደተኛው አስተርጓሚ እንዲመደብለት ያስቀምጣል። ስለዚህ ማንም ሰው ታሪኩን በእንግሊዝኛ የመናገር ግዴታ የለበትም። ምን ያህል እንግሊዝኛ ቢያውቅ፣ የሕይወቱን ከባድ ቀን በሚያስብበት ቋንቋ መተረኩ ይሻለዋል።

አስተርጓሚ በሌለበት ቦታ፣ ለምሳሌ በጤና ጣቢያ ወይም በሥራ ቅጥር ጊዜ፣ ቀላሉ መንገድ ግሶቹን አለማያያዝ ነው። «የቆሰለ ሰው አየሁ። ቆምኩ። ረዳሁት።» እነዚህ ሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች በእንግሊዝኛ ሲነገሩ «ቱ»ም «ኢንግ»ም አያስፈልጋቸውም፤ አድማጩም ማን ምን እንዳደረገ አይሳሳትም።