ሌባ ቢመጣ ቆሞ ያየዋል! (ሳሉኪ ማሳደግ ላማራችሁ)

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ሞባይሉን አውጥቶ የውሻ ፎቶ አሳየኝና «ይሄን ከዱባይ ላስመጣው ነው፤ ሰፈሩን ጉድ አሰኘዋለሁ» አለኝ። አየሁት። እግረ ረጅም፣ ወገቡ የሞዴል ወገብ፣ ጆሮው ላይ ሐር የመሰለ ፀጉር የተንዠረገገ ውሻ ነው። ዓይኑማ፣ ምን ልበላችሁ፣ ፍቅረኛው የከዳችው ሰው ይመስላል። ሳሉኪ ይባላል።

ጓደኛዬ የሚኖረው ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። እኔም እሺም እምቢም ሳልል አንዲት የማውቃት ልጅ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ልጅቷ አቡዳቢ በቤት ሠራተኝነት አራት ዓመት ስትኖር የአሠሪዎቿን ሁለት ሳሉኪዎች የምትንከባከበው እሷ ነበረች።

«ለልጆችና ለምግብ ነው የተባልኩት፤ ውሻ አለ ያለኝ ሰው የለም» ትላለች። «ልጅ ሆኜ ውሻ ነክሶኝ ስለነበር ገና ሳያቸው እግሬ ተብረከረከ።»

ውሾቹ ግን ዞር ብለውም አላዩዋትም። የሳሉኪ ጠባይ እንዲህ ነው፤ ለእንግዳ ጅራቱን አይቆላም፣ ብዙም አይጮህም። በዐረቦች ዘንድ ክብሩ ሌላ ነው። ብዙ ሙስሊሞች ውሻ ቤት ባያስገቡም በዱዎች ሳሉኪን ከሌላው ለይተው ድንኳናቸው ውስጥ ያሳድሩታል። ጥንቸልና ሚዳቋ ያድኑበት ነበር፤ ያውም በአፍንጫው ሳይሆን በዓይኑ ነው የሚያድነው። ዛሬ በኤሚሬትስ አደን በሕግ ስለተገደበ ሩጫ ያወዳድሩታል። አቡዳቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመ፣ ለሳሉኪ ብቻ የሚሠራ ማዕከልም አለ። በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። እኛ ከተማ ታክሲው እንኳ እንዲህ የሚሮጥበት መንገድ ስንት ነው?

የጓደኛዬ የመጀመሪያ ጥያቄ «ሌባ ይይዛል?» የሚል ነበር። ልጅቷ ሳቀች።

«ሌባ ቢመጣ ቆሞ ያየዋል። ሲሰለቸው ሄዶ ይተኛል።»

መኝታውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሰውነቱ ላይ ስብ ስለሌለ ሲሚንቶ ላይ ካደረ ክርኑና ዳሌው ይላላጣል፤ ፍራሽ ያስፈልገዋል። «የነሱ ፍራሽ ከእኔ ይሻል ነበር» አለች፤ ይሄን ስትል ግን አልሳቀችም። በእኛ ክረምት ደግሞ ሌሊት ልብስ ሊለብስ ነው። የጎን አጥንቱ ቢቆጠርም ጤነኛ ነው፤ ጎረቤት ግን «ምስኪን፣ አስራባችሁት!» ማለቱ አይቀርም። በልቶ ወዲያው አይሮጥም፣ የተቀቀለ አጥንት አይሰጠውም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ለሁሉም ውሻ ስለሆነ እዚህ አልደግመውም።

ዋናው ሩጫው ነው። በየቀኑ ካልሮጠ ቤቱን ያፈርሳል፤ ደግሞም ካልታጠረ ቦታ ከገመድ አይፈታም። ለምን ቢሉ፣ ይሄው ከራሷ አፍ ስሙ፦

«አንደኛው ባርቅ ይባላል፤ በዐረብኛ መብረቅ ማለት ነው። አንድ ቀን ቆሻሻ ላወጣ በሩን ገርበብ አድርጌ ስወጣ ከመንገድ ማዶ ድመት አየ። አለቀ! ስሙን እየጠራሁ በባዶ እግሬ አስፋልት ላይ ሮጥኩ። ይሰማኛል እኮ! ጆሮውን ወደኋላ ሲያዞር አይቼዋለሁ። ግን ዓይኑ ድመቷ ላይ ከዋለ እኔ የለሁም። አንድ መኪና ፍሬን ይዞ ለጥቂት ሳተው። ማዳም ‹ከሞተ ዛሬውኑ አገርሽ ትገቢያለሽ› አለችኝ። የታናሽ ወንድሜ ትምህርት ቤት የሚከፈለው በዚያ ደሞዝ ነበር።»

ከሁለት ሰዓት በኋላ ባርቅ ራሱ መጣ። ቆዳው ስስ ስለሆነ ጭኑን የሽቦ አጥር ዘንጥሎታል። ሊሰፋ ሲል ሐኪሙ የማደንዘዣውን መጠን ደጋግሞ ሲያሰላ አየች። እንዲህ ስብ የሌለው ውሻ አንዳንድ ማደንዘዣ ከሰውነቱ ቶሎ ስለማይወጣለት ሊጎዳው ይችላል። እንግዲህ ሳሉኪ የሚያመጣ ሰው ይሄን ለእንስሳት ሐኪሙ አስቀድሞ መንገር አለበት።

«ሌሊት ወደ እኔ ክፍል መጣና አገጩን ጉልበቴ ላይ አደረገ። በአራት ዓመት ውስጥ ያን ቀን ብቻ ነው። ኮንትራቴ አልቆ ስወጣ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም።»

ጓደኛዬ ዋጋውን ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ቀደመችው። «ዋጋውን ተወው። ቀን ቀን ቤት ማን አለ?»

ዝም አለ። እስካሁንም ዝም እንዳለ ነው።

ስንወጣ በሩ አጠገብ አንድ ተራ የሰፈር ውሻ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ተኝቷል። የእናቷ ውሻ ነው። ከአረብ አገር ስትመለስ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ነበር ያገኘችው። አሁን በየማለዳው በገመድ ይዛው አንድ ሰዓት ትሄዳለች። እናቷ «ልጄን አረብ አገር ልኬ የውሻ ሞግዚት ሆና መጣችልኝ» እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ አሉ።