የጥምቀት ሰሞን በረንዳ

ጎንደር ውስጥ የምግብ ቤት በረንዳ የሚፈተነው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም እንግዳ እየገባ ነው። ቀን ለፀሐዩ ሲባል የሚሻሙበት በረንዳ ግን ጀምበር እንዳዘቀዘቀች ባዶ ይቀራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ደመና የሌለው ሰማይም የቀኑን ሙቀት ለሌሊት አያቆይም። በረንዳ ማስጌጥ ሥራዬ ስለሆነ ባለቤቶች ሲጠሩኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ማታ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚገባ ነው።

በዚያ በኩል ባና እሰቅላለሁ። ከደጋ በግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራው ባና ከባድ ስለሆነ ነፋስ እንደ ልቡ አያርገበግበውም፤ ግራጫና ቡናማ መልኩም ከፋሲል ግንብ ድንጋይ ጋር ይስማማል። በየወንበሩ መደገፊያ ላይ ደግሞ የታጠፈ ጋቢ ይቀመጣል። እንግዳው ራሱ አንስቶ ሲደርበው ከማንኛውም ጌጥ ይልቅ በረንዳውን ያሳምረዋል።

አንዳንድ ባለቤቶች ዙሪያውን በላስቲክ ዘግተው መሐል ላይ ከሰል ማንደድ ይፈልጋሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የከሰል ጭስ ባይታይም መርዙ ሰው ይገድላል፣ ሽታም የለውም። ከሰል ካለ ቢያንስ አንዱ ጎን ወለል ብሎ ይከፈት፤ ምድጃው የቆመበትም ወለል ከቄጤማ የጸዳ ይሁን። በበጋ ፀሐይ ቄጤማ በግማሽ ቀን ይደርቃል፣ አንድ ፍም ይበቃዋል። ስለዚህ ቄጤማ የማስጎዘጉዘው አመሻሽ ላይ፣ እንግዳ ሊገባ ሲል ነው።

የፕላስቲክ ጥድና የጥጥ በረዶ የሚያሳዩኝም አሉ። ስሜን ተራሮች ደርሶ የተመለሰ እንግዳ እውነተኛውን ውርጭ በደባርቅ መንገድ ላይ ትቶት ነው የመጣው፤ እዚህ የሚፈልገው ሙቀት ነው።

ብርሃኑ ላይ ብዙ እደክማለሁ። ነጭ አምፖል ፊት ያገረጣል፣ ምግቡንም ያደበዝዛል፤ ቢጫው ይሻላል። ከከተማዋ ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ ላይ የምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች፤ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ቢሄዱም ሸክላ መሥራቱ አልቀረም። ጎኑ የተበሳሳ ማሰሮ አሠርቼ ሻማ አስገባበታለሁ፤ ነፋስ አያጠፋውም፣ መብራት ሲሄድም በረንዳው አይጨልምም። ሸክላው በጥቅምት ካልታዘዘ ግን ለገና አይደርስም።

ጌጡ በአንድ ቀን አይወጣም። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሆነ ባናውና ሸክላው ከሰፌድ ጋር ይበቃሉ። ለታኅሣሥ 29 ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ግድግዳው ላይ የገና ዱላ ተጠላልፎ ይሰቀላል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጨርቁን የማወጣው ለከተራ ነው፣ ጥር 10። ያን ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ከተማው በሙሉ መንገድ ላይ ነው። የጥምቀት በዓል በፈረንጆቹ 2019 በዩኔስኮ ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች ተርታ ከተመዘገበ ወዲህ የበዓሉን ነገር ሁሉ በረንዳ ላይ መደርደር የሚያምራቸው በርክተዋል። እኔ የታቦት ጥላ የሚመስል ጃንጥላ ከቢራ ጠርሙስ በላይ አልዘረጋም፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴን መላእክትም ሰው እጁን የሚጠርግበት ጨርቅ ላይ አላሳትምም። የተከፈለኝን መልሼ የወጣሁበት ቤት አለ።

ጥር 12 የሚካኤል ታቦት ከገባ በኋላ ባለቀለሙ ጨርቅ ይወርዳል። ባናውና ጋቢው ግን እስከ የካቲት ይቆዩ፤ በዓሉ አለፈ ብሎ ማታ ማታ የሚቀር ብርድ የለም።